ወግ የሌለው ማነው?

ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ሐዋሳ መሃል ከተማ ጉዳይ ያለው ሰው በእግሩ መሄድ ይመርጣል። ከዋዜማው ጀምሮ ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ የሚጎርፈው ምእመን ወደ ቅዱስ ገብርኤል የሚወስደውን ሰፊ ጎዳና ነጭ በነጭ ያደርገዋል። ጧፍና ዕጣን የሚሸጠው፣ ለስእለቱ ምንጣፍ የተሸከመው፣ ልጁን ጫንቃው ላይ ያስቀመጠው አስፋልቱ ላይ ይተራመሳል። እኔ ግን ባለፈው ጊዜ በዚያ ቀን ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ፤ ከአንዲት እናት አጠገብ። ጉልበታቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ዘርፉ በወርቃማ ክር የተሠራ የንግሥ ጃንጥላ አስተኝተዋል። ከሾፌሩ ጎን ተጣቦ የተቀመጠው ወጣት ዞር ብሎ ጃንጥላውን አየና በትሕትና ጀመረ።

«ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣው ገብርኤል ነው የሚል የት ተጽፏል?»

«አባቶቻችን ያስረከቡን ነው፣ ልጄ።»

«አዩ፣ ይኸው ነው እኮ። መጽሐፍ ሳይሆን ወግ ነው።»

እናትየው አልመለሱም። ጃንጥላውን ጠበቅ አድርገው ይዘው ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። እኔም ዝም አልኩ፤ አደባባዩ ጋ ወርደን ሁላችንም በየፊናችን ሄድን።

ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኔ ያደግሁት በወንጌላውያን ቤት ነው። የልጁ ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ነበር፤ በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ስንቱን ጎረቤት በዚያው ጥያቄ አፍ አስይዤ አሸነፍኩ ብዬ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ። ጥያቄው ራሱ ክቡር ነው። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ ከመጽሐፍ ጋር ያመሳክሩ ስለነበር ተመስግነዋል። «የት ተጽፏል?» ማለት በእግዚአብሔር ስም የሚነገረውን ሁሉ አልውጥም ማለት ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ወጣት ሺህ ይሁን። ስሕተቱ ያለው ከጥያቄው ሥር በተቀበረው እምነት ውስጥ ነው። በዚህች ከተማ አየሩን የሞላው እምነት ይህ ነው፦ ክርስቲያኖች በሁለት ይከፈላሉ፣ አንዳንዶቹ ወግ አላቸው፣ እኛ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አለን። ይህ እውነት አይደለም። እውነት አለመሆኑን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከገብርኤል አደባባይ ተነስቶ በእሑድ ጠዋት መሃል ከተማን በእግር መዞር ይበቃል።

ሐዋሳ ራሷ ትናንት የተወለደች ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። እዚህ ያለች ቤተ እምነት ሁሉ ሻንጣዋን ይዛ ከሌላ ቦታ የመጣች ናት፤ በሻንጣው ውስጥ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አልነበረም። የስዊድን ፊላደልፊያ ሚስዮን በ1950ዎቹ ማብቂያ እዚሁ ሐዋሳ ላይ ለወጣቶች የክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ለአገራችን የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ትልቅ ምዕራፍ የከፈተ፣ የዛሬዋ ሕይወት ብርሃን ቤተ ክርስቲያንም ሥር ያለበት ሥራ ነው። የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮናውያን ሲዳማን ይዘው ሠርተዋል፤ ከሥራቸው ያፈሩት ምእመናን በ1951 ዓ.ም. በተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ ጥላ ሥር ናቸው። ከሰሜን አሜሪካ የመጡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ደግሞ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብን ረግጠዋል፤ ከዚያ ቃለ ሕይወት ወጣች። ሦስቱም መጽሐፉን ሰጡን፤ ሦስቱም ከመጽሐፉ ጋር የራሳቸውን አነባበብ አስረከቡን።

ውጤቱን እዩት። መካነ ኢየሱስ ሕፃን ታጠምቃለች። ቃለ ሕይወት፣ ሕይወት ብርሃንና ሌላዋ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ወንጌል ደግሞ አምኖ ያልመሰከረ ሰው አያጠምቁም። አራቱም «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» ይላሉ፤ አራቱም አንድ ዓይነት 66 መጻሕፍት ያነባሉ፤ አንድ ሰው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሄድ ግን የሕፃንነት ጥምቀቱ ጥምቀት መሆን አለመሆኑ ጥያቄ ይነሣበታል። መጽሐፉ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? የመካነ ኢየሱስ መልስ ቢያንስ ግልጽ ነው፤ በ1530 እ.ኤ.አ. አውግስቡርግ ላይ የቀረበውን የእምነት መግለጫ እቀበላለሁ ትላለች፤ ከማን እንደተረከበችው ታውቃለች። የሌሎቻችን ርክክብ ያልተጻፈ ስለሆነ የሌለ መስሎናል።

አንድ ሁለቱን ቀረብ ብለን እንያቸው። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው «ጌታን ተቀበለ» ሲባል የመጀመሪያው ማስረጃ ጠላ፣ ጠጅና ቢራ መተው ነው። መልካም ልማድ ነው፤ ስንት ትዳር እንዳዳነ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን የት ተጽፏል? መጽሐፉ ስካርን ይከለክላል። ጌታ ቃና ላይ ውኃውን ወይን አደረገ፤ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ፈጽሞ አለመጠጣት ሚስዮናውያኑ ከአገራቸው የፀረ መጠጥ ንቅናቄ ይዘውት የመጡት፣ እኛም በአገራችን የመጠጥ ጉዳት ላይ አይተን ያጸደቅነው ወግ ነው። ሌላው፣ ስብከቱ ሲያልቅ ኪቦርዱ ዝግ ብሎ እየተመታ «እጅህን አንሣ፣ ወደ ፊት ና፣ ከእኔ ጋር ጸልይ» የሚባለው ነው። ስንቶቻችን የዳግም ልደታችንን ቀን የምንቆጥረው ከዚያች ጸሎት ነው! በሐዋርያት ሥራ ግን «ምን እናድርግ?» ላሉት ጴጥሮስ የመለሰው ንስሐና ጥምቀት ነው። ሰውን ወደ ፊት ጠርቶ ለውሳኔ ማስቀመጥን በሰፊው ያስለመደው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሰባኪ ቻርልስ ፊኒ ነው። ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት አይሞላም። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም፤ እኔም በዚያች ጸሎት ወደ ፊት የወጣሁ ነኝ። ነገር ግን የእኛን የሁለት መቶ ዓመት ወግ «መጽሐፍ ቅዱሳዊ»፣ የእናትየውን የሺህ ዓመት ርክክብ «የሰው ወግ» ማለት ፍርድ አይደለም፤ አድልዎ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የመጽሐፉ ጉዳይ ነው። «66» የሚለው ቁጥር ራሱ የት ተጽፏል? ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ብናገላብጥ የመጻሕፍቱን ዝርዝር የያዘ ምዕራፍ አናገኝም። ዛሬ በእጃችን ያሉትን 27 የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምር ሳይቀንስ ዘርዝሮ የጻፈው ሰው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ነው፤ በ367 እ.ኤ.አ. ለምእመናኑ በላከው የፋሲካ መልእክት። ይህ አትናቴዎስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራውን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው እሱ ነው። የባጃጁ ወጣት ሮሜንና ገላትያን «መጽሐፍ ቅዱስ» ብሎ ሲገልጥ፣ ሳያውቀው የእናትየውን ጳጳስ የሾመው ሰው ባረጋገጠው ዝርዝር ላይ ቆሟል።

ብሉይ ኪዳን ላይ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ቶቢት፣ ዮዲት፣ ሲራክ «የተጨመሩ» ናቸው ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ሉተር በ1534 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት እኩል ባይሆኑም ለንባብ የሚጠቅሙ ናቸው ተብለው በሁለቱ ኪዳናት መካከል ተቀምጠዋል። የ1611ዱ የንጉሥ ጄምስ ትርጉምም ይዟቸው ነበር የወጣው። ወደ እኛ የደረሰው ግን በሌላ መንገድ ነው። ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የመለሰው የጎጃሙ መነኩሴ አቡ ሩሚ ነው፤ ካይሮ ተቀምጦ። ሥራውን የእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ በ1824 እ.ኤ.አ. አራቱን ወንጌላት፣ በ1840 ሙሉውን አሳተመ። በመካከሉ፣ በ1826፣ ማኅበሩ ለንደን ላይ ከብርቱ ክርክር በኋላ ለእነ ቶቢትና ሲራክ ማሳተሚያና ማሠራጫ ገንዘቡ እንዳይወጣ ወሰነ። በአማርኛ የታተመው መጽሐፍ ያለ እነርሱ እጃችን ገባ። ውሳኔው ትክክል ነው የሚል ይከራከር፤ አዳምጠዋለሁ። ነገር ግን ውሳኔ ነው፣ የሰዎች ውሳኔ ነው፣ ከእነርሱም የተረከብነው ነው። ርክክብ ደግሞ ስሙ ትውፊት ነው።

የሄኖክን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ይሁዳ በመልእክቱ ሄኖክን በስሙ ጠርቶ ትንቢቱን ይጠቅሳል፤ ያ መልእክት በእያንዳንዱ የወንጌላውያን መጽሐፍ ውስጥ አለ። ይሁዳ የጠቀሰው መጽሐፍ ግን ሙሉ ሆኖ በዓለም ላይ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ የኛ መነኮሳት በየገዳሙ እየገለበጡ ስላቆዩት። «ወግ አላቸው» ያልናቸው ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይሁዳ ስለምን እንደሚናገር እንኳ በቅጡ ማወቅ ባቃተን።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ጭንቀት ልምጣ። በሐዋሳና በወላይታ ጠንካራ የሆነችው ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን፣ በልማድ «ኦንሊ ጂሰስ» የምንላት፣ በእኛው ጥያቄ ወደ እኛ ትመጣለች፦ ሥላሴ የሚለው ቃል የት ተጽፏል? አንድ አምላክ በሦስት አካል የሚል ጥቅስ አሳዩን ይላሉ። ይህን ጊዜ የእኛ ሰባኪዎች ምን እንደሚያደርጉ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥቅስ ይደረድራሉ፤ ሌላው ወገን ጥቅስ ይደረድራል፤ ክርክሩ ሲከር የእኛው ሰው ድንገት በ325 እ.ኤ.አ. ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡትን አባቶች ይጠራል። «ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አምናለች» ይላል። እሰየው! እኔም ከሠለስቱ ምዕት ጋር ነኝ። ግን ወንድሜ፣ በባጃጁ ውስጥ እናትየው «አባቶቻችን ያስረከቡን ነው» ሲሉ ወግ ከሆነ፣ አንተ በክርክር ጊዜ ተመሳሳዩን ስትል ምንድነው? የኒቅያን አባቶች ስንቸገር ብቻ እየጠራን በሰላሙ ቀን የማናውቃቸው ከሆነ፣ በሥላሴ ትምህርት ላይ ያለን አቋም ከመኖሪያ ፈቃድ ይልቅ የእንግድነት ወረቀት ይመስላል።

የሚቀርብብኝን ብርቱ መልስ አውቀዋለሁ፤ ማርቆስ 7 ነው። ጌታ ፈሪሳውያንን በወጋችሁ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ሻራችሁ ብሎ ወቅሷቸዋል። እውነት ነው፣ ይህም ቃል በማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሊሰቀል ይገባዋል። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣችሁ እዚያ ያለውን «ወግ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ ከዚያ ሁለተኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 2 ቁጥር 15ን ግለጡ። ጳውሎስ ምእመናኑን በቃልም በደብዳቤም የተማሩትን አጥብቀው እንዲይዙ ሲያዝ፣ ያዙ የሚላቸው ነገር «ወግ» ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ በግሪኩም ሁለቱ ቦታ ላይ ያለው ፓራዶሲስ ነው። ብዙ ሰባኪዎቻችን የሚያነቡት ኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን የተባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን ማርቆስ ላይ «ትራዲሽን»፣ ተሰሎንቄ ላይ «ቲቺንግስ» ይላል። ክፉው ወግ ወግ ሆኖ ቀረ፣ ደጉ ወግ ትምህርት ተባለ። አንባቢው ጳውሎስ ወግን ሲያዝ የሰማ አይመስለውም። የአማርኛ ተርጓሚዎቻችን ግን ቃሉን እንዳለ አስቀምጠውልናል፤ ተባረኩ።

ደግሞስ ጌታ ራሱ እንዴት ኖረ? በየሰንበቱ ወደ ምኩራብ ይገባ ነበር፤ ምኩራብ በሙሴ ሕግ የለም። በዮሐንስ 10 የመቅደስ መታደስ በዓል ላይ ተገኝቷል፤ ያም በሙሴ ሕግ የለም። በመጨረሻው እራት ያነሣው ጽዋ በዘጸአት 12 የፋሲካ ሥርዓት ውስጥ አልተጻፈም፤ አይሁድ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ነው፤ እሱ ግን የአዲስ ኪዳን ጽዋ አደረገው። የባጃጁን ክርክር በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 3 ነው። ጳውሎስ ሙሴን የተቃወሙትን የግብፅ ጠንቋዮች ኢያኔስና ኢያንበሬስ ብሎ በስም ይጠራቸዋል። ዘጸአትን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡ ስማቸው የለም። ጳውሎስ ስማቸውን ያገኘው ከርክክብ ነው። ለሦስቱ ልጆች የተላከውን መልአክ ገብርኤል ማለትም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ የአይሁድ ታልሙድም ከእሳቱ ያዳናቸው ገብርኤል ነው የሚል ትውፊት ይዟል። ይህ መልአኩ ገብርኤል ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው አልልም። ዳንኤል ስሙን አልነገረንም፤ እኔም በዚያ ስም ላይ የእምነት አንቀጽ አልሠራም። ነገር ግን «በምዕራፉ ካልተጻፈ ውሸት ነው» የሚለው መለኪያ የጳውሎስ መለኪያ አይደለም።

ይህን ስጽፍ ደስ የሚላቸው የኦርቶዶክስ ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ለእነርሱም ያለኝ ቃል አጭር ነው፤ «አባቶቻችን» ማለት የክርክር መጨረሻ አይደለም። የራሳችሁ አባቶች እንዲያ አላደረጉትም። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. ለኢየሱሳውያን መልስ ይሆን ዘንድ በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ግዝረትና የአሳማ ሥጋ አለመብላት የአገር ልማድ እንጂ የድኅነት ሕግ አለመሆናቸውን ለይተው አስቀምጠዋል። ዶግማው ወዲህ፣ ልማዱ ወዲያ ነው ያሉት። ከእሳቸው መቶ ዓመት በፊት፣ ሉተር ሳይወለድ፣ አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርቱ ስግደት ለማን ይገባል ብለው ከመጽሐፍ ሲጠይቁ የዘርዓ ያዕቆብ መንግሥት በግርፋትና በእስር መለሰላቸው፤ ብዙዎቹም በዚያው ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ወግ አልነበራቸውም እንዳይባል የገዳም ሥርዓት የሚያጠብቁ መነኮሳት ነበሩ። ትውፊትን በመጽሐፍ መመርመር ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው የገዛ አገሩን ገድል አላነበበም።

ወደ ወገኖቼ ልመለስ፤ ጭንቀቴ በዋናነት ከእኛ ጋር ነውና። የተቀበልከውን ወግ «ወግ ነው» ብለህ ስታምን ልትመረምረው ትችላለህ። «የለኝም» ስትል ግን በሌላ በር ይገባል፤ ሲገባም የመጽሐፍ ልብስ ለብሶ ነው። ባለፉት ዓመታት በከተማችን አዳራሾች ውስጥ ያየነው ይኸው ነው። የጥንት አባቶችን ጠበል አጣጥለን ስናበቃ፣ አንድ ሰው በራሱ ፎቶ ያሸበረቀ የዘይት ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ተሰለፍን። የሠለስቱ ምዕትን ስም የማናውቅ ሰዎች «ነቢዩ እንዲህ ብሏል» ሲባል ጥያቄ አቆምን። በጉባኤ ያልተመረመረ፣ በትውልድ ያልተፈተነ፣ የአንድ ሰው የትናንትና ሕልም ዛሬ ሥርዓት ይሆናል፤ ከሥሩም ጥቅስ ይለጠፍበታል። ረጅሙን ትውፊት ስንገፋ ትውፊት አልባ አልሆንንም፤ አጭሩን ነው የመረጥነው።

ማርቆስ 7ን ደግሞ ሰዎች የሚጠቅሱት ቁጥር 8 ወይም 9 ላይ አቁመው ነው። ወረድ ብለው ቢያነቡ ጌታ ስለየትኛው ወግ እንደሚናገር ይነግራቸዋል፤ ስለ ቁርባን ነው። ሰውየው ለአባቱና ለእናቱ የሚገባውን ገንዘብ «ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» ብሎ እነርሱን ከመጦር ያመልጣል። ጌታ የተቆጣው በዚህ ነው፤ መለኪያውም ይኸው ነው፤ ወጉ ትእዛዙን ይሽራል ወይስ ይጠብቃል?

አረብ ሰፈር በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት እናቶች አውቃለሁ፤ ቤታቸው የኪራይ ነው፣ ግድግዳ ይጋራሉ፣ ቡናቸውን ተራ በተራ ያፈላሉ። የአንደኛዋ ልጅ ዓምና ለገብርኤል የተሳለውን መጋረጃ አስገብቷል፤ ውድ ጨርቅ ነው፣ ሰው አመስግኖለታል። የሁለተኛዋ ልጅ በየወሩ ለአንድ አገልጋይ «ዘር» ይዘራል፤ እሱም በመድረክ ተጠርቶ ተጸልዮለታል። ሁለቱ ወጣቶች ሲገናኙ ስለ ወግና ስለ መጽሐፍ እስኪመሽ ይከራከራሉ፤ አንድ ቀን ሰላም ልላቸው ወደ ግቢው ገብቼ ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። እናቶቹ ረከቦቱ አጠገብ ነበሩ። ሁለተኛው ጀበና ሲወርድ አከራያቸው ገቡና በሩ ላይ ቆመው የሦስት ወሩን ውዝፍ ከሁለቱም ጠየቁ።